በበርበሬ ተራ በአንገት መተንፈስ

የመርካቶን በርበሬ ተራ አቋርጦ ሳያስነጥስ የወጣ ሰው ካለ ንገሩኝ። አፍንጫ አቧራውን ያጣራል፣ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል። ከአንገት በላይ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝና እዚያ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው ግን አንገታቸው ላይ በገባ ቱቦ የሚተነፍሱትን ነው።

ጉሮሮን የሚዘጋው ብዙ ነው፦ የማንቁርት ካንሰር፣ የአየር ቧንቧን የሚጫን ትልቅ እንቅርት፣ የመኪና አደጋ፣ የሕፃናት የጉሮሮ እብጠት። ሐኪሙ ጊዜ ካለው አብዛኛውን ጊዜ በአየር ቧንቧው 2ኛና 3ኛ ቀለበት መካከል ይከፍታል። ጊዜ ከሌለ ደግሞ ከማንቁርቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ይገባል፤ አየር ያጣ አንጎል ከ4 ደቂቃ ገደማ በኋላ መጎዳት ይጀምራልና። ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ ፊልም ላይ ያያችሁትን ቤት እንዳትሞክሩት!

አስቸጋሪው ዘመድን ማሳመን ነው። «ልጄ፣ አንገቱን ልትበሱት ነው?» ይላሉ እናቶች። «እማማ፣ መተንፈሻ ልንከፍትለት ነው» እላለሁ። መፍራታቸው አይገርመኝም፤ እ.ኤ.አ. በ1799 ጆርጅ ዋሽንግተን ጉሮሮው አብጦ ሲታፈን፣ ካከሙት ሦስት ሐኪሞች ወጣቱ ኤሊሻ ዲክ አንገቱ ይከፈት ቢል ሌሎቹ እምቢ አሉ። ዋሽንግተን በዚያው ሌሊት ሞተ።

ቱቦ ገብቶለት ወደ መርካቶ ሱቁ የተመለሰ አንድ የጨርቅ ነጋዴ አውቃለሁ። አየሩ ወደ ድምፅ አውታሩ ሳይደርስ በቱቦው ስለሚወጣ፣ ዋጋ ሲጠራ ቀዳዳውን በጣቱ ይደፍናል። ደንበኛው ሲከራከር ጣቱን አንሥቶ ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ማን ይረታዋል?

ጭንቁ አቧራው ነው። ከአክታ ጋር ተደባልቆ ሲደርቅ ቱቦውን ይደፍነዋል። ስለዚህ ውስጠኛውን ቱቦ በቀን ደጋግሞ እያወጣ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በትንሽ ብሩሽ ያጥበዋል፤ አንገቱ ላይ እርጥብ ጎዝ ጣል ያደርጋል። ገላውን ሲታጠብ ውኃ እንዳይገባበት ይጠነቀቃል። ሕመሙ ድኖ ቱቦው የሚወጣላቸውም አሉ፤ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይገጥማል።

ባለቱቦ ሰው መንገድ ላይ ትንፋሽ ካጠረው ነጠላውን ወይም ሻርፑን ከአንገቱ ላይ አንሡለት። አፉን ብቻ አትመልከቱ፤ አየር የሚገባው በአንገቱ ነው። ከዚያ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 907፣ ደውሉ፤ «በአንገቱ የሚተነፍስ ሰው ነው» ብላችሁም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።