መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ የት ገባ?

መስቀል ሲደርስ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ የሚወስደው መንገድ ይጨናነቃል። ሰዉ 158 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ ቤተሰቡ ዘንድ ሲገባ፣ ከክትፎው ቀጥሎ የሚጠይቀው የዋይፋዩን ፓስወርድ ነው። ለዓረፋ ቡታጅራም እንደዚሁ ትሞላለች። በአንድ ቀን አሥርም አሥራ አምስትም አዲስ ስልክ አንድ ራውተር ላይ ይጫናል። በዚያ ቤት ጥግ ባትሪው የሞተ አሮጌ ላፕቶፕ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሠርግ ቪዲዮ፣ የልጆች መማሪያ መጻሕፍትና ፊልም የሚያድል ከሆነ፣ በዓሉ ሳያልፍ አንዱ «እምቢ አለኝ እኮ!» ማለቱ አይቀርም። ላፕቶፑን ሄደው ቢያዩት በርቷል። ፊልሙም ቦታው ላይ አለ። የተለወጠው አድራሻው ነው።

እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ሰርቨር ይባላል። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ሥራው ሌሎች ሲጠይቁት የያዘውን መስጠት ብቻ ነው። ኢንተርኔት ቢቋረጥም፣ የስልክ ጥቅል ቢያልቅም የቤቱ ዋይፋይ እስካለ ድረስ ይሠራል። ለምሳሌ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ኪዊክስ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። እንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ጥሩ መስመር ባለበት ቦታ አንዴ አውርዶ ሃርድ ዲስክ ላይ ማምጣት ነው። ከዚያ በኋላ የቤቱ ልጆች ሁሉ ከየስልካቸው ይገቡበታል። የሚገቡት ግን በቁጥር ነው፤ ቁጥሩም አይፒ አድራሻ ይባላል።

የጉራጌን መንደር የሚያውቅ ሰው ይህን አድራሻ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ጀፎሮው፣ ማለትም የመንደሩ ዋና መንገድ፣ ሰፊ ነው፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይታያሉ። «የእገሌ ጀፎሮ» ሲባል መንደሩ ይታወቃል፤ «ከዚያ ስንተኛው ቤት?» የሚለው ቀጥሎ ይመጣል። 192.168.1.10 የሚለውም እንደዚሁ ለሁለት ይከፈላል። በተለመደው የቤት ራውተር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ጀፎሮው ናቸው፤ የመጨረሻው ቤቱ ነው። በአንድ ጀፎሮ 254 ቤት ይቆማል፤ ራውተሩ ራሱ ብዙ ጊዜ 1 ቁጥርን ይይዛል። ጀፎሮው በየራውተሩ ይለያያል። አንዱ 192.168.8 ይላል፣ ሌላው 192.168.100።

ቁጥሩን የሚያድለው ራውተሩ ነው። ይህ አሠራር ዲኤችሲፒ ይባላል፤ ለገባው መሣሪያ ሁሉ ክፍት ቁጥር መርጦ በሊዝ ይሰጠዋል። ቃሉ ራሱ ሊዝ ነው። በከተማ ለመኖሪያ ቦታ ሊዙ 99 ዓመት ነው፤ የራውተሩ ግን ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት ነው። መሣሪያው ሊዙ ግማሽ ሲደርስ ያሳድሳል። ሁሉም እንደበራ ከዋለ ቁጥሩ ለወራት ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህም ብዙ ሰው የሰርቨሩ አድራሻ ቋሚ ይመስለዋል።

ከዚያ መብራት ይሄዳል።

ራውተሩም ላፕቶፑም አብረው ይጠፋሉ። ብዙ ርካሽ ራውተሮች ማን የትኛውን ቁጥር እንደያዘ የሚመዘግቡት ኃይል ሲቋረጥ በሚፋቅ ማስታወሻ ላይ ነው። መብራቱ ሲመለስ ራውተሩ ባዶ መዝገብ ይዞ ይነሳል። የእንግዶቹ ስልኮች ባትሪ ስላላቸው አልጠፉም፤ ዋይፋዩን እንዳዩ ዘለው ይገባሉ። አሮጌው ላፕቶፕ ገና እያቃሰተ ሲነሳ፣ ትናንት የእሱ የነበረውን ቁጥር የአንዱ እንግዳ ስልክ ወስዶት ይጠብቀዋል። ራውተሩም ለላፕቶፑ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። ልጆቹ የሚያውቁትን 192.168.1.3 ሲጽፉ የሚያንኳኩት የእንግዳው ስልክ ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያድለው ፊልም የለውም።

በዚህ የተማረረ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ላፕቶፑ ላይ ቁጥሩን በእጁ መጻፍ ነው። ግማሽ መፍትሔ ነው። ራውተሩ ይህን አያውቅማ! ላፕቶፑ ጠፍቶ ሳለ ያንኑ ቁጥር ለሌላ ሊሰጠው ይችላል። ላፕቶፑ ሲነሳ አንድ ቁጥር ሁለት ባለቤት አገኘ ማለት ነው። ምልክቱም ግራ ያጋባል፦ በአንዱ ስልክ ይከፈታል፣ በሌላው እምቢ ይላል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይገለበጣል። ሰው ይህን ሲያይ ኬብሉን ይወቅሳል፤ አዲስ ኬብል የገዛም አይጠፋም።

ሙሉው መፍትሔ ራውተሩ ላይ ነው። ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር ወደ ራውተሩ አድራሻ ገብቶ፣ ከሥሩ በተለጠፈው ስምና ፓስወርድ የዲኤችሲፒን ገጽ መክፈት ነው። እዚያ ለእንግዳ የሚታደለውን ክልል ማጥበብ ይቻላል፤ ለምሳሌ ከ100 እስከ 200። ከ2 እስከ 99 ያለው ለቤቱ ዕቃ ይቀራል፤ ለሰርቨሩ፣ ለፕሪንተሩ፣ ለካሜራው። ቀጥሎ ሪዘርቬሽን የሚለው ቦታ ላይ የላፕቶፑን ማክ አድራሻ ጽፎ 10 ቁጥርን ለእሱ መያዝ ነው። ማክ አድራሻ ከፋብሪካ የሚመጣ ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ ነው። አንዳንድ ራውተር የሚያዘው ቁጥር ከሚታደለው ክልል ውስጥ ካልሆነ አይቀበልም፤ እንዲያ ካለ 150ን መስጠት ነው፤ ምንም አይጎዳም። ብዙዎች የሚስቱት ግን ሌላ ነው፦ ላፕቶፕ ለኬብሉ አንድ፣ ለዋይፋዩ ሌላ ማክ አለው። የአንዱን ጽፈው በሌላው ካገናኙት ልፋቱ ከንቱ ነው። ሰርቨር ደግሞ በኬብል ቢሆን ይመረጣል። አዳዲስ ስልኮች ለሚስጥር ሲሉ ማካቸውን ስለሚለዋውጡ፣ ለስልክ ቁጥር ለመያዝ መድከም አያስፈልግም።

በእጅ ከመጻፍና ሪዘርቬሽን ከማድረግ የቱ ይሻላል? እኔ ሪዘርቬሽኑን እመርጣለሁ። መብረቅ ራውተሩን አቃጥሎት በምትኩ የመጣው ጀፎሮው 192.168.8 ከሆነ፣ ቁጥሩ በእጅ የተጻፈበት ሰርቨር በማይኖርበት መንደር ስም እየተጣራ ይቀራል። በሪዘርቬሽን የሚሠራው ግን ከአዲሱ ራውተር ቢያንስ አንድ ቁጥር ያገኛል፤ ፈልጎ ማግኘትም ቀላል ነው።

መርካቶ ያለው ወንድም «እኔስ ከዚህ ሆኜ ልገባበት?» ማለቱ አይቀርም። በዚህ ቁጥር አይችልም። 192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎች በ1996 እ.ኤ.አ. ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ የተተዉ ናቸው፤ ወልቂጤ ያለው 192.168.1.10 ቡታጅራም፣ ቶሮንቶም አለ። አሮጌው ዓይነት አይፒ አድራሻ በዓለም በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ለየአህጉሩ የሚከፋፈለው የዓለም ክምችት በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. አልቋል። ስለዚህ ብዙ ቤት አንድ የውጭ አድራሻ ሊጋራ ይችላል። ራውተሩ ከውጭ ያገኘው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ቤቱ እንዲህ ካሉት አንዱ ነው። ያኔ ለወንድምየው የሚያዋጣው ሰርቨሩ ራሱ ወደ ውጭ የሚዘረጋው፣ ቪፒኤን የሚባል የግል መስመር ነው።

ከመስቀል በፊት አንድ ምሽት ይበቃል። ሲጨርሱ የሰርቨሩን ቁጥር፣ ማኩንና የራውተሩን አድራሻ በእስክሪብቶ ጽፈው ራውተሩ ጀርባ ላይ ይለጥፉት፤ የመግቢያው ፓስወርድ ግን ለብቻው ይቀመጥ፣ እንግዳ ይበዛል።