ቅቤ ለራስ ጠጉር፤ ስለ አቀባቡ፣ ስለ ትርጓሜውና ስለ ጥቅሙ

በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ደረቅ ጠጉርን ለማለስለስ ከሁሉ ይልቅ ሲያገለግል የኖረው የከብት ቅቤ ነው። ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ጉሎና ሱፍ የሚያበቅል አገር ዘይት አጥቶ አይደለም፤ ነገር ግን የቅባት እህል ዘይት ለጾም ወጥና ለመብራት ሲውል፣ ለራስ የተመረጠው ቅቤ ሆነ። ይህ ምርጫ ከምን እንደ መጣ፣ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚፈጸምና ለጠጉሩ በእውነት ምን እንደሚያደርግ መመርመር ይገባል።

ስሙ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። በግዕዝ ቀብአ ማለት ቀባ ማለት ሲሆን፣ ቅብእ የሚለው ስም ቅባትን፣ ዘይትንና ቅቤን ያመለክታል፤ የአማርኛው ቅቤም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ወጡን በቅቤ ሲያጣፍጥ በስሙ የሚጠራው የሚበላውን ነገር ሳይሆን የሚቀባውን ነገር ነው። ትግርኛም ከዚህ አይርቅም፤ ለመብል የተነጠረውን ጠስሚ ሲል፣ ለራስ የሚሆነውን ያልተነጠረ ቅቤ ግን ለኸየ፣ ማለትም ቀባ፣ ከሚለው ግስ አውጥቶ ልኻይ ይለዋል። ከዚህ ተነሥቶ ቅቤ አስቀድሞ ለራስ፣ በኋላ ለወጥ ዋለ ብሎ መደምደም ችኮላ ይሆናል። ሆኖም ቅቤን ስለ ምግብ በሚጽፉ ሰዎች ምዕራፍ ውስጥ ብቻ አስቀምጦ ማለፍ ስሕተት መሆኑን ቋንቋው ያስረዳል።

የውጭ አገር ተጓዦች ይህን ልማድ ያላነሡበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹ ግን የጻፉት አፍንጫቸውን ይዘው ነው። ከእነርሱ የሚለየው በ1843 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሦስት ዓመት ያህል በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስ ነው። ይህ ሰው እንደ አገሩ ሰው ባዶ እግሩን ሄደ፣ ጠጉሩን ተሠራ፣ ቅቤም ተቀባ፤ በ1853 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም ስለ ጠጉር አሠራርና ስለ ቅቤ በሰፊው ጻፈ። በራሱ ላይ ስለ ሞከረው አጻጻፉ ፌዝ ቢኖርበትም ንቀት የለበትም። ልማዱን ከሩቅ አይተው በሽታው ብቻ የፈረዱት ጸሐፊዎች ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን፣ ማለት ትኩሱን ለጋ ቅቤና ከርሞ የሸተተውን፣ አንድ አድርገው አይተዋል።

ለራስ የሚሆነው ለጋ ቅቤ ነው። በገበያ ቅቤ ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ በሳሉ ለወጥ ይፈለጋል እንጂ ወደ ራስ አይቀርብም። በኮረሪማ፣ በበሶብላና በሌላም ቅመም የተነጠረውም እንደዚሁ የወጥ ነው። ወተቱ በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ተጠራቅሞ እርጎ ከሆነ በኋላ በቅል ወይም በሸክላ መናጫ ይናጣል፤ ቅቤው ሲወጣ አሬራው ይቀራል። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማግኘት በግምት ከ15 እስከ 20 ሊትር ወተት ያስፈልጋል፤ የአገር ላም በቀን የምትሰጠው ወተት አነስተኛ መሆኑን ለሚያውቅ፣ አንዲት እመቤት በአናቷ ላይ የምታኖረው እፍኝ ቅቤ የስንት ቀን ልፋት መሆኑ አይሰወረውም። በሌላ ቦታ ሀብት በወርቅና በብር እንደሚታይ፣ እዚህ በራስ ላይ በሚቀልጠው ቅቤም ይታይ ነበር።

የቤቱ ሥራ እንዲህ ነው። አስቀድሞ የቆየው ሹሩባ ይፈታል፤ ጠጉሩ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በሚዶ ይበጠራል። ቅቤው በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ይህም በውስጡ የቀረው አሬራ እንዲወጣለት ነው። ባለሙያ ሴቶች በዚህ እጥበት ላይ የሚጠነቀቁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቅቤውን ቶሎ የሚያሸትተው በአብዛኛው ይኸው የቀረው አሬራ ነውና። ለመዓዛው የደረቀ የአደስ ቅጠል ተወቅጦና ተነፍቶ ይጨመርበታል። ከዚያ የምትሠራው ሴት ከፍ ካለ መቀመጫ ትቀመጣለች፤ የምትሠራላት ከበታቿ ሆና ራሷን በጉልበቷ መካከል ታስጠጋለች። ጠጉሩ በመስመር በመስመር እየተከፈለ ቅቤው በየመስመሩ ከቆዳው ጀምሮ እስከ ጫፉ ይታሻል፤ ሹሩባውም ወዲያው ይጎነጎናል። በመጨረሻ ከአናቱ ላይ አንድ ድብልብል ቅቤ ይቀመጥና ጨርቅ ይታሰርበታል፤ ተቀቢዋም ከፀሐይ ወይም ከምድጃ አጠገብ ተቀምጣ እስኪቀልጥ ትጠብቃለች። አንዳንዷ በማግስቱ ትታጠባለች፤ አንዳንዷ ለቀናት ታቆየዋለች። ልብስና መኝታ እንዳይበላሽ፣ ሹሩባውም እንዳይፈርስ፣ በጨርቅ ትራስ ፈንታ አንገትን ብቻ በሚደግፍ የእንጨት ብርኩማ መተኛት የተለመደ ነበር። በየቤተ መዘክሩ እንደ ቅርጻ ቅርጽ ጥበብ ብቻ የሚታየው ብርኩማ እንግዲህ የዚሁ የቅቤና የሹሩባ ሥርዓት አንድ ዕቃ ነው።

በዚህ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሰው የራሱን አናት አይቶ ሊሠራ አይችልምና፣ ጎረቤት ለጎረቤት፣ እናት ለልጅ፣ አማት ለምራት ትሠራለች፤ ግማሽ ቀን የሚፈጀውም ጊዜ የወሬና የምክር ጊዜ ነው።

ቅቤ መቀባት የጤናና የውበት ነገር ብቻ ሆኖ አልኖረም። በሳዱላነቷ አናቷን ትላጭ የነበረች ልጃገረድ ስታገባ ጠጉሯን ታሳድጋለች፤ ሙሽራም ቅቤ ትቀባለች። አራስ በአናቷ ላይ ቅቤ ይደረግላታል። ሐዘንተኛ ግን ጠጉሯን ትቆርጣለች ወይም ትላጫለች፣ ራሷንም አትቀባም፤ እንግዲህ ያልተቀባ ራስ ደረቅ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ሰውየው በምን ሁኔታ እንዳለ የሚገልጽ ምልክት ነው። ወንዶችም ከዚህ አልተለዩም። ዐፄ ቴዎድሮስ (1855–1868 እ.ኤ.አ.) በሥዕሎቻቸው ላይ የሚታወቁት በሹሩባቸው ነው፤ ከመቅደላ ተወስዶ በለንደን በወታደራዊ ቤተ መዘክር ይገኝ የነበረው ጠጉራቸው በ2019 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ሲመለስ የተሰጠው ክብር፣ በዚህ አገር የራስ ጠጉር ተራ ነገር እንዳልሆነ ያሳያል። ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ አዳኝም ራሱን ቅቤ ይቀባ ነበር። በኦሮሞ ዘንድ ሽማግሌዎች በቅቤ ቀብተው ይመርቃሉ፤ የከረዩ ወጣቶች ጉንፉራ የሚባለው ጎፈሬም በቅቤ የተያዘ ነው።

ወደ ቆላ ሲወረድ ነገሩ ይለወጣል፤ ምክንያቱም በአመዛኙ ከሙቀት የመጣ ይመስላል። ቅቤ ሙሉ በሙሉ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ይህ ከራስ ቆዳ ሙቀት ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ በደጋው ብርድ ጠጥሮ የዋለው ቅቤ በአናት ላይ ቀስ እያለ ይፈስሳል፣ ወደ ጠጉሩም ይደርሳል። በኦሞ ሸለቆ ዙሪያ ግን አየሩ ራሱ ቅቤውን ስለሚያቀልጠው ብቻውን አይቆምም። የሐመር ሴቶች ቅቤውን ከቀይ አፈር ጋር ለውሰው ቀጫጭን አድርገው በገመዱት ጠጉር ላይ ይቀባሉ፤ አፈሩም ቅባቱን ይዞ ያቆመዋል። የአፈሩ ቅላት የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ይህም የፀሐይን ጨረር በከፊል ይከላከላል። ተመልካቹ ጌጥ ብቻ ባየበት ቦታ የአየር ንብረት መልስም አለ።

አሁን ወደ ጠጉሩ እንመለስ። ሰው ጠጉሩ ቅቤ ጠጣ ይላል፤ ደስታም ሲገልጽ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ይላል። አነጋገሩ ውብ ነው፤ ጠጉር ግን አይጠጣም፣ አይመገብምም። ሕያው የሆነው ከቆዳው ውስጥ ያለው ሥሩ ብቻ ሲሆን፣ ከቆዳ በላይ ያለው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ሕይወት የሌለው ዘንግ ነው። ውጫዊው ክፍሉ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ ባንዱ ላይ በተደራረበ ስስ ሽፋን የተከደነ ነው። ይህ ሽፋን ሲነሣና ሲሰበር ጠጉሩ ይሻክራል፣ ይጠላለፋል፣ ይበጠሳል። የራስ ቆዳ የራሱን ቅባት ያመነጫል፤ ነገር ግን ጠጉሩ የተጠቀለለ ሲሆን ቅባቱ ከሥር ወደ ጫፍ ለመውረድ ይቸገራል። በዚህ ላይ የደጋው ፀሐይ ብርቱ፣ የበጋው አየርም ደረቅ ነው። ቅቤ የሚጠቅመው ይህን የጎደለውን ቅባት ከውጭ በመተካት ነው፤ ቅርፊቱን ያስተኛል፣ ሚዶው በቀላሉ እንዲያልፍ ያደርጋል፣ የጠጉሩም እርጥበት ቶሎ እንዳይሄድ ያግዳል። ሹሩባውም ራሱ ከቅቤው አይተናነስም፤ የተጎነጎነ ጠጉር በየዕለቱ አይበጠርምና።

ቅባት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ሬሌና ሞሂሌ የተባሉ የሕንድ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የኮኮናት ዘይት ጠጉር በሚታጠብበትና በሚበጠርበት ጊዜ የሚያጣውን ፕሮቲን ሲቀንስ፣ የሱፍ ዘይትና የማዕድን ዘይት ይህን እንዳላደረጉ አሳይተዋል። ምክንያቱ የኮኮናት ዘይትን ግማሽ ያህል የሚይዘው ላውሪክ አሲድ ወደ ጠጉሩ ውስጥ ዘልቆ ለመግባት የሚችል መሆኑ ነው። በቅቤ ውስጥ ይህ አሲድ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የቅቤ ሥራ ከላይ በመሸፈን እንጂ ወደ ውስጥ በመዝለቅ ነው ለማለት አይደፈርም። የኑግ ዘይት ከሱፍ ጋር ይመሳሰላል፤ በብዛት ያለው ሊኖሌይክ አሲድ አየር ሲያገኘው ስለሚለወጥ፣ ሳይታጠብ የቆየ እንደሆነ ይጣበቃል። የጉሎ ዘይት እጅግ ወፍራም ነው፤ ጠጉር ያበቅላል የሚባልለት ዝና ከማስረጃው ይበልጣል፤ ለማንጸባረቅ ግን ይጠቅማል። የቅቤ ጉድለት ሽታው ነው። በውስጡ ያለው ቡቲሪክ አሲድ ከቅባቱ ተለይቶ ሲወጣ ያ የታወቀው ሽታ ይመጣል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ከቅቤ ነው። ለጋውን መምረጥ፣ በውሃ ማጠብና አደስ መጨመር ሦስቱም ለዚህ የተገኙ መድኃኒቶች ናቸው።

የቤት ልማድን የቤት ነው ብሎ መናቅ ምን ያህል እንደሚያጎድል የእንዶድ ነገር ያስታውሳል። ሴቶች በዓድዋ ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አስተውለው፣ በብልሃርዝያ ላይ ለተደረገው ምርምር መነሻ አድርገውታል። ይሁን እንጂ ልማድ ስለሆነ ብቻ ሁሉን ማጽደቅም አይገባም። ፎረፎር ያለበት ራስ ቅቤ ሲበዛበት ሊብስበት ይችላል፤ ፎረፎርን የሚያባብሰው ረቂቅ ሕዋስ የሚኖረው በቅባት ነውና። ቅቤ ለራስ ምታትና ለፀሐይ ትኩሳት ይደረጋል፤ ቅዝቃዜው ያሳርፋል፣ የበሽታውን ምክንያት ግን አያርቅም። ከሁሉ የሚያሳስበው የሕፃናት ነገር ነው። የጨቅላን እርግብግቢት በቅቤ መቀባት አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ ቅቤ ማዋጥ ወይም በተቆረጠ እትብቱ ላይ ማኖር ግን ሌላ ነው። ያልፈላ ወተት የወለደው ቅቤ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ስለሚችል፣ ገና ያልዳነ እትብት ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍና የሌላም ልክፈት በር ስለሆነ፣ ሐኪሞች ይህን አጥብቀው ይከለክላሉ። እናቶች ሦስቱን በአንድ ሥርዓት አያይዘው ስለሚያደርጉ፣ አስተማሪው ለይቶ ካልነገራቸው ወይ ሁሉን ይተዋሉ ወይ ሁሉን ይይዛሉ።

በከተማ ቫዝሊን፣ በኋላም የጋለ ማበጠሪያና ጠጉር የሚያለሰልስ ኬሚካል ሲገቡ፣ ቅቤ የባላገር ምልክት ተደርጎ ተቆጠረ፤ ተማሪ ልጆችም ሽታውን ፈርተው በበዓል ካልሆነ እምቢ ማለት ጀመሩ። አሁን ደግሞ በኬሚካል ጠጉራቸው የተጎዳባቸው ሴቶች ወደ ቅቤ ሲመለሱ ይታያል፤ በአዲስ አበባ ጠጉር ቤቶች ተቀብቶ፣ በላስቲክ ተሸፍኖና በእንፋሎት ሞቆ ይታጠባል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩትም ጨው የሌለበትን የሱቅ ቅቤ ለዚሁ ያውሉታል። በአገር ቤት ግን የቅቤ ዋጋ እጅግ ከፍ ብሏል፤ የአትክልት ቅባት፣ አልፎ አልፎም ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ በገበያ መገኘቱ በየጊዜው ተዘግቧል። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሸኖ በቅቤዋ ዝነኛ ናት። እንዲህ ባለው ገበያ ባለሙያዋ ሴት ሳትገዛ በፊት ጥቂት ቆንጥራ ታሸትታለች፣ በእጅዋ ጀርባም ታሽታ እስኪቀልጥ ትጠብቃለች።