ዩኒቨርስቲ ለገበሬ ምኑ ነው?

የማታውን ትምህርት ጨርሰን ፋኖሱን ልናጠፋ ስንል አንድ አባት፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ከእሱ መጣን የምትሉት ዩኒቨርስቲ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ ዳኛውም ከዚያ ይወጣል አልናቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ይሁን። ታዲያ ለገበሬ ምኑ ነው?» አሉን። ያን ለት የረባ መልስ አልሰጠናቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ በግቢው አጥር ውስጥ ስንኖር ጥያቄው ለእኛም መጥቶልን አያውቅም ነበር። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ሩቅ አገር የሆነውን ነገር እንጽፋለን።

አገሩ ኤልሳልቫዶር ይባላል። የሚገኘው የሰሜንና የደቡብ አሜሪካን ምድር በሚያገናኘው ቀጭን መሬት ላይ ነው። ስሙ በእስፓኝ ቋንቋ «አዳኙ» ማለት ነው፤ እኛ መድኃኔ ዓለም እንደምንለው ማለት ነው። ትንሽ አገር ነው፤ ቡና አብቃይ ነው። መልካሙ የቡና መሬት ግን ለብዙ ዘመን በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ነበር። ገበሬው ወይ በሰው መሬት ያርሳል፣ ወይ ቡና ሲደርስ በቀን ሙያ ይለቅማል። ጭሰኛ ምን እንደሆነ ለአንባቢዎቻችን ብንተርክ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል።

በዚህ አገር ዋና ከተማ በሳን ሳልቫዶር፣ በ1965 አንድ የካቶሊክ ዩኒቨርስቲ ተከፈተ። ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከእኛው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማሉ። የዩኒቨርስቲው ስም ረጅም ነው፤ የአገሩ ሰው አሳጥሮ «ኡካ» ይለዋል። የሚመሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ናቸው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ አገራችን የመጡት ካህናትም የዚሁ ማኅበር ሰዎች ነበሩ። የዚያ ዘመን ጠብ ሌላ ታሪክ ስለሆነ እዚህ አናነሳውም።

ዩኒቨርስቲው እንዲከፈት የወተወቱት ሀብታሞች ነበሩ። የመንግሥቱ ዩኒቨርስቲ ልጆቻችንን ኮሙኒስት ያደርግብናል ብለው ፈርተው ነበርና፣ ጸጥ ያለ ትምህርት ቤት ፈለጉ። ያገኙት ግን ሌላ ሆነ። ካህናቱ ለድኻ የሚያዝን ወንጌል እየሰበኩ፣ ድኻው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሲያዩ ዝም ማለት አልሆነላቸውም። በ1976 መንግሥት ጥቂት መሬት ለገበሬ አካፍላለሁ ሲል ዩኒቨርስቲው ደገፈ። ባለመሬቶቹ ሲቆጡ መንግሥት ቃሉን አጠፈ። ዩኒቨርስቲውም መንግሥት ለገንዘብ ሰገደ ብሎ በመጽሔቱ ጻፈ። ከዚያስ? ከመንግሥት ያገኝ የነበረው ገንዘብ ተቋረጠ፤ በግቢውም ቦምብ ፈነዳ።

በ1980 ነገሩ ወደ ጦርነት ዞረ። የከተማይቱ ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮ ወታደሮች ሕዝቡን መግደል እንዲያቆሙ በስብከታቸው በለመኑ በማግሥቱ፣ ቅዳሴ ላይ እንዳሉ በጥይት ተገደሉ። ጦርነቱ እስከ 1992 ቆየ። ወደ 75,000 ሰው አለቀበት። ከሞቱት ብዙዎቹ የገጠር ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው አፉን ይዞ ይቀመጣል። ጎረቤቱን ይፈራል፤ ጆሮ ጠቢውን ይፈራል። ዩኒቨርስቲው ግን በ1985፣ ጦርነቱ እንደጋለ፣ አንድ የውይይት መድረክ ከፈተ። ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የአገር እውነት መድረክ» እንደማለት ነው። ከተለያየ ወገን ተናጋሪ ይጋበዛል፤ ሕዝቡም ገብቶ ይሰማል፤ ይጠይቃል። በዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጠውን የእኛን ሸንጎ አስቡት። በሸንጎ የሁለት ሰው የድንበር ክርክር ይታያል። በዚያ አዳራሽ ደግሞ የሚታየው ጦርነቱ ለምን መጣ፣ በምንስ ይለቅ የሚለው የመላው አገር ጣጣ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1986፣ ኢግናስዮ ማርቲን ባሮ የሚባሉ ካህን የሕዝብ አስተያየት የሚሰበሰብበት ክፍል አቋቋሙ። ጠያቂዎች ወደ ሰዉ እየሄዱ ስለ ጦርነቱና ስለ ኑሮው ምን እንደሚል ይጠይቁታል። መልሱ ይቆጠራል፤ ይታተማል። ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ግን አስቡት እስቲ፤ አንድ ገበሬ በምድጃው ዳር ለሚስቱ የሚያንሾካሹከውን ነገር፣ ሌላው ሺህ ገበሬም በየምድጃው እንደሚያንሾካሹከው በምን ያውቃል? ባለሥልጣኑ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» ብሎ በራዲዮ ሲናገር ማን ያስተባብለዋል? ቁጥሩ ሲወጣ ግን ሕዝቡ በራሱ አፍ ተናገረ ማለት ነው። ቁጥር መማር ለገበያ ብቻ ነው የሚሉ ተማሪዎቻችን ይህችን ልብ ይበሉልን።

እኒሁ ማርቲን ባሮ ቅዳሜና እሑድ ጃያኬ ወደምትባል የቡና መንደር እየሄዱ ይቀድሱ ነበር። ሴጉንዶ ሞንቴስ የተባሉት ካህን ደግሞ ጦርነቱ ከቀዬው ያፈናቀለውን ሰው ኑሮ ያጠኑ ነበር። የዩኒቨርስቲው ኃላፊ ኢግናስዮ ኤያኩሪያ ጦርነቱ በድርድር ይለቅ እያሉ ይናገራሉ፤ ይጽፋሉ። ይህም የጦር አለቆቹን አስቆጣ። የሽምቅ ተዋጊዎቹ አእምሮ እሱ ነው አሉ።

በኅዳር 1989 ሽምቅ ተዋጊዎቹ ዋና ከተማይቱን አጠቁ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 7 ቀን 1982 ዓ.ም. ሌሊት ወታደሮች ወደ ካህናቱ ቤት ገቡ። ኤያኩሪያን፣ ማርቲን ባሮን፣ ሞንቴስን፣ ሌሎችንም ሦስት ካህናት ገደሉ። በዚያ ሌሊት ኤልባ ራሞስ የምትባል ምግብ ሠሪ ከልጅዋ ከሴሊና ጋር እዚያው አድራ ነበር። በቤታቸው አካባቢ ተኩስ ስለበዛ፣ ከካህናቱ ዘንድ ደኅና እናድራለን ብለው መምጣታቸው ነው። ምስክር እንዳይቀር እናትና ልጅም ተገደሉ። ከስምንቱ አንድም መሣሪያ የያዘ አልነበረም።

ጦርነቱ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ ኤያኩሪያ እንዳሉት በድርድር አለቀ። ፍርዱ ግን ዘገየ። አንድ የቀድሞ ኮሎኔል በዚህ ግድያ በእስፓኝ አገር ፍርድ ቤት 133 ዓመት እስራት የተፈረደበት በ2020 ነው። ከሞቱ 31 ዓመት ሊሞላቸው ነበር።

ስድስቱ ካህናት የተቀበሩት በግቢው ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ የሄደበትን መንገድ የሚያሳዩ 14 ሥዕሎች መስቀል የተለመደ ነው። እዚህ ግን በኋለኛው ግድግዳ የተሰቀሉት 14 ሥዕሎች ተሠቃይተው የሞቱ የአገሬው ሰዎች ሬሳ ናቸው። የሣላቸው ሮቤርቶ ዌሶ ይባላል። ካህኑ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ሲቀድስ እነዚህ ሥዕሎች ፊት ለፊቱ ናቸው። ስለዚህ ጉዳይ እኛ በመካከላችን ተከራክረናል። ግማሾቻችን ለጸሎት ቦታ እንዲህ ያለ ሥዕል አይገባም አልን። ሌሎቻችን፣ በእኛስ አብያተ ክርስቲያናት የሰማዕታት ስቃይ፣ የአንገታቸው መቆረጥ ሳይቀር ተሥሎ የለም ወይ አልን። እስካሁን አልተስማማንም።

በየዓመቱ ኅዳር ወር ላይ የስምንቱ መታሰቢያ ይከበራል። ተማሪዎቹና ከየመንደሩ የመጡ ሰዎች ጨው በቀለም እየነከሩ በግቢው መንገድ ላይ እንደ ምንጣፍ ያነጥፉታል። የካህናቱን መልክ፣ አበባ፣ ወፍ፣ በቆሎ፣ ጽሑፍም ይሠሩበታል። ሲመሽ መብራት እየያዙ በሰልፍ ይዞራሉ፤ ከዚያ ቅዳሴ ይሆናል፤ ከቅዳሴው በኋላ ዘፈኑ ይቀጥላል። የእኛ ሰው ማሕሌት ቆሞ እንደሚያድር፣ እነሱም ያን ሌሊት በጸሎትና በዜማ ያሳልፉታል። በግቢው የሚታየው ያን ለት የከተማ ተማሪ ብቻ አይደለም። ከገጠር የሚመጣው ገበሬ ብዙ ነው፤ ልጁን አዝሎ የሚመጣ አለ።

ጦርነቱን ሸሽተው በጎረቤት አገር በሆንዱራስ ብዙ ዓመት በስደት የቆዩ ገበሬዎች ወደ አገራቸው ተመልሰው አዲስ መንደር ሲቆረቁሩ፣ መንደሩን በሴጉንዶ ሞንቴስ ስም ጠሩት። የኤልባ ባል የሴሊና አባት ኦብዱሊዮ ደግሞ የዩኒቨርስቲው ሠራተኛ ነበር። ካህናቱ ወድቀው በተገኙበት ሣር ላይ ጽጌረዳ ተከለ። ግቢውን ሊያይ የሚመጣ ሰው ዛሬም ያን ጽጌረዳ ያያል።