የኑክሊየር ዝቃጭ መቅበሪያውና የኔቫዳ ውሃ

በአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል በምትገኘው የኔቫዳ ግዛት ውስጥ አማርጎሳ የሚባል ሸለቆ አለ። ገበሬዎቹ አልፋልፋ ያመርታሉ፤ የወተት ላሞችም ያረባሉ። አገሩ በረሃ በመሆኑ ሰውም፣ ከብትም፣ ማሳም የሚኖሩት ከጉድጓድ በሚሳብ ውሃ ነው። ከሸለቆው በስተሰሜን የዩካ ተራራ ይገኛል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የአገሪቱን የኑክሊየር ዝቃጭ በዚህ ተራራ ሆድ ውስጥ ለመቅበር ሲነሣ ግዛቲቱ አልቀበልም አለች። ከ30 ዓመት በላይ ከወሰደው ከዚህ ክርክር ውስጥ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ይበልጥ የሚጠቅመው የውሃው ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በኑክሊየር ኃይል ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ጣቢያዎች ማገዷቸው ዩራኒየም ነው። እንጨት ነድዶ አመድ ይሆናል፤ አመዱም ጓሮ ቢደፋ የሚጎዳው ሰው የለም። ያገለገለው ዩራኒየም ግን የማይታይና የማይሸት ኃይለኛ ጨረር የሚረጭ ነው፤ አደገኛነቱም ለብዙ ሺህ ዓመታት ይቆያል። እቅዱ 70 ሺህ ቶን የሚሆነውን ይህን ዝቃጭ በብረት መያዣ አሽጎ ከተራራው ገጽ 300 ሜትር ያህል ወደ ታች መቅበር ነበር። ከመቅበሪያው በታች ሌላ 300 ሜትር ያህል ወረድ ሲባል የከርሰ ምድሩ ውሃ ይገኛል። መንግሥት ዓለቱ ደረቅ፣ መያዣውም ጠንካራ ነው ይላል። የግዛቲቱ ባለሙያዎች ደግሞ ዓለቱ የተሰነጣጠቀ በመሆኑ የዝናብ ውሃ ሰርጎ መያዣውን ያዝጋል፤ መርዙንም ይዞ ወደ ታች ይወርዳል ሲሉ ተከራክረዋል። በተራራው ሥር ያለው ውሃ ደግሞ የሚፈሰው ወደ ደቡብ፣ ወደ አማርጎሳ ጉድጓዶች ነው።

ኔቫዳ አንድም የኑክሊየር ኤሌክትሪክ ጣቢያ የላትም። ከ1951 እስከ 1992 ድረስ ግን ከ900 በላይ የአቶሚክ ፍንዳታ ሙከራዎች በምድሯ ላይ ተካሂደዋል። በ1980ዎቹ ለመቅበሪያነት በመጨረሻ የታጩት ቦታዎች ሦስት ነበሩ፤ አንዱ በዋሽንግተን ግዛት፣ አንዱ በቴክሳስ የእርሻ አገር፣ ሦስተኛው ዩካ ተራራ ነው። በ1987 ኮንግሬስ ሁለቱን ትቶ ዩካ ብቻ ይጠና ሲል በሕግ ወሰነ። በጊዜው ቴክሳስና ዋሽንግተን በኮንግሬስ ውስጥ ታላላቅ መሪዎች ነበሯቸው፤ ኔቫዳ ግን በእንደራሴዎቹ ምክር ቤት የነበሯት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ምርጫው በዓለቱ ጥራት ብቻ ተደረገ ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ሕጉ ለግዛቲቱ ገዥ የመቃወም መብት ሰጥቷል፤ ኮንግሬስ ግን በአብላጫ ድምፅ ሊሽረው ይችላል። በ2002 ገዥው ኬኒ ጊን ተቃውሟቸውን በጽሑፍ ቢያቀርቡም በዚያው ዓመት ተሻረ።

ውሃው ግን በግዛቲቱ እጅ ነበር። በኔቫዳ ሕግ ውሃ የሕዝብ ነው። ማንም ሰው፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤትም ቢሆን፣ ውሃ ለመሳብ ፈቃድ የሚጠይቀው የግዛቲቱን የውሃ መሐንዲስ ነው፤ እርሱም አጠቃቀሙ የሕዝብን ጥቅም የሚጎዳ ሆኖ ካገኘው የመከልከል ግዴታ አለበት። የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ ለመቅበሪያው ሥራ በዓመት 530 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ጠየቀ። የግዛቲቱ ምክር ቤት ቀደም ሲል በ1989 እንዲህ ያለውን ዝቃጭ በኔቫዳ ማከማቸት የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ስለነበር፣ መሐንዲሱ በ2000 ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። በ2007 ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ለጉድጓድ ቁፋሮ በውሃ ሲጠቀም ተገኝቶ እንዲያቆም ታዘዘ። የፌዴራሉ ዳኛም ትእዛዙን አላገዱም። ዋሻ ቆፋሪ ያለ ውሃ አቧራውን እንኳ ማብረድ አይችልም።

ፍርድ ቤትም ሌላው ሜዳ ነበር። መንግሥት የጥንቃቄውን ደረጃ ያወጣው ለ10 ሺህ ዓመት ነው። የአክሱም ሐውልቶች ከቆሙ ገና 2 ሺህ ዓመት አለመሙላቱን ያሰበ ሰው ይህ ብዙ ይመስለዋል። ኔቫዳ ግን የሳይንስ አካዳሚው ጉዳቱ ከዚያ በኋላም ሊከፋ እንደሚችል መግለጹን ይዛ ተሟገተች። በ2004 በሌሎቹ ነጥቦች ብትረታም በዚህኛው አሸነፈች፤ በ2008 ደረጃው እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት እንዲደርስ ተደረገ።

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ተቃወመ ማለት አይደለም። ተራራው የሚገኝበት የናይ አውራጃ አስተዳደር ሥራና ገቢ ያስገኝልናል ብሎ ደግፎታል። የምዕራብ ሾሾኔ ነባር ሕዝቦች በበኩላቸው መሬቱ በ1863ቱ ውል የእኛ ነው ሲሉ ተቃውመዋል።

በ2007 የኔቫዳው ሃሪ ሪድ የሴኔቱ አብላጫ መሪ ሆኑ፤ የትናንቷ ደካማ ግዛት በበጀት ላይ ከባድ ድምፅ አገኘች። በ2010 የኦባማ አስተዳደር የፈቃድ ማመልከቻውን ለማንሣት ጠየቀ፤ በ2011 በጀቱ ተቋረጠ። በፍርድ ቤት ትእዛዝ የቀጠለው ምርመራ በ2015 ሲያበቃ፣ የኑክሊየር ተቆጣጣሪው ባለሙያዎች እቅዱ አብዛኞቹን የደኅንነት መመዘኛዎች የሚያሟላ ሆኖ አገኙት። ቢሆንም ሥራው ይጀመር አላሉም፤ መንግሥት የመሬቱንና የውሃውን መብት በእጁ አላደረገም ነበርና።

ለጥናት የተቆፈረው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ባዶውን ነው። የ1987ቱ ሕግ አልተሻረም። ከ80 ሺህ ቶን በላይ የሆነው ዝቃጭ በየግዛቱ፣ በተመረተበት ጣቢያ ደጃፍ ተከማችቷል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በወንዝና በሐይቅ ዳር የሚገኙ ናቸው።