በፎም ኩባያ ሙቀትን መለካት፦ የዚንክና የኮፐር ሰልፌት ሙከራ

የኤንታልፒ ለውጥ ማለት ግፊቱ ሳይለዋወጥ በሚካሄድ አጸግብሮት፣ በተለምዶ ሪአክሽን በሚባለው፣ የሚለቀቀው ወይም የሚመጠጠው ሙቀት ሲሆን፣ ቴርሞሜትር የሚያነበው ግን ቴምፕሬቸርን ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ሁለቱም «ሙቀት» እየተባሉ ስለሚጠሩ ልዩነታቸው ይዘነጋል እንጂ፣ አንዱ በጁል የሚሰፈር ኢነርጂ፣ ሌላው በዲግሪ ሴልሺየስ የሚነገር የመሞቅ ደረጃ ነው፤ ካሎሪሜትሪ የሚባለው ዘዴም ከሁለተኛው ተነሥቶ አንደኛውን ያሰላል።

የዚህን ስሌት ጥንካሬና ድካም አጉልቶ የሚያሳየው ዚንክ መዳብን ከኮፐር ሰልፌት ሙሙት፣ ማለትም በውሃ ከሟሟው ኮፐር ሰልፌት፣ የሚያስወጣበት ሙከራ ነው። ክዳን ባለው የፎም ኩባያ በሊትር 0.2 ሞል የያዘ 50 ሚሊ ሊትር ሙሙት ይደረግና ቴምፕሬቸሩ በየግማሽ ደቂቃው ይመዘገባል፤ በ3ኛው ደቂቃ የዚንክ ዱቄት ተጨምሮ ሳይቋረጥ ሲማሰል፣ ሰማያዊው ቀለም እየፈዘዘ ቀላ ያለ ቡናማ መዳብ ከሥር ይዘቅጣል። ዚንኩ እንዲተርፍ ተደርጎ የሚጨመረው ስሌቱ የሚቆመው 0.01 ሞል ኮፐር ሰልፌት በሙሉ አልቋል በሚለው ላይ ስለሆነ ነው።

ሙከራው በአብዛኛው የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ከፍተኛውን ንባብ ወስዶ ማስላት የሚበቃ ቢመስልም፣ ዚንክ ጠጣር በመሆኑ አጸግብሮቱ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜም ሙቀቱ በኩባያው ግድግዳና በክዳኑ በኩል እየሾለከ ስለሚወጣ ንባቡ ከእውነተኛው ጭማሪ ያንሳል። መፍትሔው ግራፍ ነው፦ ከጫፉ በኋላ ቁልቁል የሚወርዱት ነጥቦች የሚሠሩት መስመር ወደ ኋላ፣ እስከ 3ኛው ደቂቃ ድረስ ሲሳብ፣ አጸግብሮቱ በቅጽበት ተጠናቆ ሙቀት ባይባክን ኖሮ ይደረስበት የነበረውን ቴምፕሬቸር ያመለክታል።

ለምሳሌ ከፍተኛው ንባብ የ9.2 ዲግሪ ጭማሪ ቢያሳይና የተሳበው መስመር 10.2 ቢሰጥ፣ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም የሙሙቱ 50 ግራም፣ አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ በሚያስፈልገው 4.18 ጁልና በየጭማሪው ሲባዛ 1923 እና 2132 ጁል ይገኛሉ፤ እነዚህ ለ0.01 ሲካፈሉም በሞል 192 እና 213 ኪሎጁል ይወጣሉ። ሙቀቱ ወደ ውሃው የወጣ በመሆኑ ሁለቱም በኔጋቲቭ ምልክት ይጻፋሉ። በመጻሕፍት የሚገኘው ዋጋ 217 ገደማ ስለሆነ፣ በማስመሪያ የተሳበው ያ አንድ መስመር ጉድለቱን ከ25 ወደ 4 ኪሎጁል ያወርደዋል፤ ኩባያው፣ ቴርሞሜትሩና የተረፈው ዚንክ የወሰዱት ሙቀት ግን ገና በስሌቱ አልገባም።