ሁለተኛው ቀጠሮ

መድኃኒት ቤት ተራ እየጠበቅኩ ነበር። ከፊቴ የቆመው ጎልማሳ «ያንኑ የጨጓራውን» አለ። ፋርማሲስቷ ወደ መደርደሪያው አልሄደችም። «ወንድሜ፣ በሁለት ወር ውስጥ ይሄ አራተኛህ ነው። እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«ጨጓራ ነው አልኩሽ እኮ። እንቅልፍን ምን አመጣው?»

ቃሉ የቁጣ ነው፤ ድምፁ ግን እንባ የተናነቀው ሰው ድምፅ ነበር። ክኒኑን ተቀበለ፣ መልሱን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተና ወጣ። እሷም ለእኔም ለራሷም በሚመስል ድምፅ «ሴቶቹ ሲጠየቁ ይናገራሉ። ወንዶቹ ክኒን ይጨምራሉ» አለች።

ያ ሰው ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ጨጓራ፣ ወገብ፣ ራስ ምታት፣ «ልቤ አካባቢ ይወጋኛል»፦ ወንዶቻችን ሐዘናቸውን የሚጠሩባቸው ስሞች እነዚህ ናቸው። ሆድ ይፍጀው ብለን አሳድገናቸው ሆዱ ሲፋጅ ለምን ይደንቀናል? ነገር ግን «ወንድ አያለቅስም» ስለሚለው አባባል ብዙ ተብሏል፤ እዚያ ላይ አልቆይም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ደፍሮ የሥነ ልቦና ባለሙያ በር ያንኳኳው ወንድ፣ ለምን ለሁለተኛ ቀጠሮ አይመለስም?

ጥያቄውን ያስጨበጠችኝ በአንድ የግል ማዕከል ለዓመታት የሠራች ባለሙያ ናት። ብዙዎቹ ወንዶች በራሳቸው እግር አይመጡም አለችኝ፤ ሚስት ትልካቸዋለች፣ አለቃ ያስገድዳቸዋል፣ ወይም ጨጓራቸው በኤንዶስኮፒ ታይቶ ምንም ሲጠፋ ሐኪም ይመራቸዋል። የመጀመሪያው ቀን የሚጀመረው በወረቀት ነው። ምስጢሩ ከክፍሉ እንደማይወጣ ይነገራቸዋል፤ ራስን ወይም ሌላን የመግደል አደጋ ካለ ግን ዝም እንደማይባል አብሮ ይገለጻል። ከዚያ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ መጠጥና ጫት ይጠየቃሉ። «ሞትን ተመኝተህ ታውቃለህ?» የሚለውም በግልጽ ይመጣል፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይዘራም። አንዳንድ ቦታ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ላይ የሚያተኩር የዘጠኝ ጥያቄዎች ቅጽ ይሞላል፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፣ ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያልፋል፤ ሌላ ቀን ይቀጠራል። «ዋናውን ነገር የሚናገሩት የበሩን እጀታ ይዘው ነው» ትላለች። «አርባ ደቂቃ ስለ ሥራ አውርቶ፣ ሊወጣ ሲል ‹ለነገሩ ወንድሜ ሞቶብኝ ነበር› ይላል።»

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አርባዎቹን አጋምሷል፤ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን የዓባይን በረሃ እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ረዳቱ በአደጋ ሞቶበታል።

«ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ፣ በአራተኛው ጭነት አነሳሁ» አለኝ። «ጋቢና ውስጥ ቀኝ ወንበሩን ማየት አልቻልኩም። ጋቢ አጣጥፌ አስቀመጥኩበት፣ ባሰብኝ። ሰው ‹አልቅሰህ ይውጣልህ› ይላል። ለቅሶ ቤት አልቅሻለሁ፣ ደረቴን መትቻለሁ። እሱ ለእሱ ነው። ለራሴ የት ልቀመጥ?»

ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ የላከችው ሚስቱ ናት። «ገብቼ ባለሙያዋን ሳያት የታናሽ እህቴ እኩያ ናት። ‹እርስዎ› እያለች ስትጠይቀኝ ፍርድ ቤት የቆምኩ መሰለኝ፤ ‹አንተ በይኝ› አልኳት። ‹ምን ይሰማሃል?› አለች። ‹ምንም› አልኳት። ለምንም ነው እንግዲህ ሥራ ፈትቼ የሄድኩት! ሰዓቱ አለቀ። ‹ታዲያ ምን ትመክሪኛለሽ?› ብላት ‹ሳምንት እንቀጥል› አለችኝ። ገንዘቤን የበላች ነው የመሰለኝ። እናቴ እንኳ በነፃ ትመክረኛለች።»

ለአንድ ወር አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የሾፌሩ አይመስለኝም፤ የቃሉ ነው። ካውንስሊንግን «የምክር አገልግሎት» ብለን ተረጎምነው። ምክር ደግሞ በእኛ አገር ባለቤት አለው። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሰምቶ ይፈርዳል። የንስሐ አባት ተናዝዘህ ቀኖና ይሰጡሃል፤ ይህን ያህል ጹም፣ ይህን ያህል ስገድ። ሐኪም መርፌ ወይም ክኒን ያዛል። ወንዱ ከሦስቱም ቤት አንድ ነገር ጨብጦ ይወጣል። ከአራተኛው፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያው ቤት፣ ይዞት የሚወጣው ጥያቄ ነው። ማንም አስቀድሞ ይህን ስላልነገረው ባዶ እጁን የተመለሰ ይመስለዋል። ሳይካትሪስትና ሳይኮሎጂስት መለየቱም ያው ነው፤ የመጀመሪያው መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነው፣ ሁለተኛው በንግግር ይሠራል። ክኒን ፈልጎ ሁለተኛው ጋ የሄደ ሰው ተከፍቶ ይወጣል።

የንግግር ሕክምናን «የፈረንጅ ነገር» ለሚሉ አንድ ታሪክ አለኝ፤ ስፈልገው ብዙ ምሽት ወስዶብኛል። በ1932 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ሰፈረ። ጸሐፊው ሚሼል ሌሪስ የሚባል ባለቅኔ ነበር። ሌሪስ ከመምጣቱ በፊት ፓሪስ ውስጥ አድሪያን ቦረል ከተባለ ሐኪም ዘንድ እየሄደ ሆዱን ሲዘረዝር የከረመ ሰው ነው። ጎንደር ላይ ለወራት ደጅ የጠናው ግን መልካም አያሁ የምትባል የዛር ባለ ዕውቀት ቤት ነው። እዚያ የታመመው ሰው ላይ የሰፈረው ዛር ስሙን ይጠየቃል፣ ምን እንደሚፈልግ ይጠየቃል፣ ድርድር ይደረጋል። በራሱ አፍ «ከፍቶኛል፣ ይህ ይገባኛል» ማለት ያልቻለ በዛሩ አፍ ይላል። ሌሪስ በኋላ በዚያው አቆጣጠር በ1958 ስለ ጎንደር ዛርና ስለ ቴአትራዊ ጠባዩ መጽሐፍ አሳተመ። ዛር ቤት ይበልጡን የሴቶች ነበር፤ ወንዱ በፉከራና በቀረርቶ የሚተነፍስበት አደባባይ ነበረው። ፉከራው ሲቀር ምን ተተካለት?

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ነገሩን የተማሩት ከታማሚ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ቪየና ውስጥ ሐኪሙ ዮሴፍ ብሮየር ያክማት የነበረች፣ በሕክምና ታሪክ አና ኦ. በሚል ስም የምትታወቅ ሴት፣ እየተናገረች ሲቀልላት ሕክምናዋን «የንግግር ፈውስ» ያለችው ራሷ ናት። የሚጠይቅና የሚያዳምጥ ካለ ቤቱ ጎንደርም ይሁን ቪየና ልዩነቱ የምናስበውን ያህል አይደለም።

የእኛው ዘመናዊ ታሪክ አጭር ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ራሱ ስድብ ሆነ፤ «አማኑኤል ይወስዱሃል» ሲባል ያልሰማ የለም። የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው፤ ያኔ ለመላው አገር የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ብቻ ነበሩ። በእኛ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ በየጤና ጣቢያው እንዲዳረስ አልሟል። የዚያ መድኃኒት ቤት ደንበኛ ሰፈሩ ወዳለው ጤና ጣቢያ ዛሬ ሄዶ «እንቅልፍ አጣሁ» ቢል ማን ይቀበለዋል?

ይህንኑ በጤናው ዘርፍ ኃላፊነት ላይ ያሉ አንድ ሰው ጠየቅኩ። በስልክ «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በደብዳቤ ይምጣ» አሉ። ደብዳቤው ገባ። ጸሐፊያቸው ሦስት ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። በአራተኛው ራሳቸው አንስተው «ወንዶች ብለህ ለምን ትለያለህ? እኛ ለሁሉም እኩል ነው የምንሠራው» አሉና ዘጉት።

ለምን እንደምለይ መልሱ አጭር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ በዓለም ደረጃ የወንዶቹ መጠን ከሴቶቹ በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። እዚያ ከመድረሱ በፊት ያለውን፣ መጠጡን፣ ቤት ውስጥ የሚወርደውን ዱላ፣ በእንቅልፍ እጦት የሚነዳውን መኪና፣ ሌላ መጣጥፍ ይዘርዝረው።

ሾፌሩ ከወር በኋላ ተመለሰ። ያመጣው ደጀን ጋ ሲወርድ መሪው ላይ እጁ መንቀጥቀጡ ነው። «በአራተኛው ቀን ገባኝ» አለኝ። «ስለ ሟቹ ረዳቴ ሳወራላት ትንፋሼ ያጥራል፤ ‹እዚህ ላይ ቆም በል፣ እግርህ መሬት መንካቱን እይ› ትለኛለች፤ ከዚያ እንቀጥላለን። ለካ የእኛው ሥራ ነው! ዓባይ በረሃን በፍሬን ብቻ ልውረድ ያለ ሾፌር ፍሬኑ ይቃጠላል። ማርሽ ቀንሰህ ነው የምትወርደው። እኔ ሁሉን በፍሬን ይዤ ነበር የኖርኩት። የቤት ሥራም ትሰጠኛለች። የተኛሁበትን ሰዓት ጻፍ ትላለች፤ ሰባት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ደብተር አለኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ!» ቀኝ ወንበሩ ላይ አሁን አዲስ ረዳት ተቀምጧል። «ጋቢውን ለሱ ሰጠሁት። ማታ ይበርደዋል።»

የመጀመሪያውን ቀን ምን ብለው ቢነግሩህ ትመለስ ነበር? ስል ጠየቅኩት። አሰበ። «‹ዛሬ ምንም አይገኝም፣ አትቀየም› ቢሉኝ» አለ።

ይህን ጽፌ ከመጨረሴ በፊት ወደዚያ መድኃኒት ቤት ጎራ አልኩ። ፋርማሲስቷ አስታወሰችኝ። የጨጓራው ሰውዬ ተመልሶ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አልመጣም» አለች። «ወይ ድኗል፣ ወይ መድኃኒት ቤት ቀይሯል።»