የእናት ወገን የት ይመዝገብ? የቤተሰብ ታሪክ ወረቀቶችን ስለ ማደራጀትና መጠቁም ስለ ማውጣት

1. መግቢያ

በሥነ ጽሑፍ ጥናታችን «ሰነድ» ሲባል አስቀድሞ በሐሳባችን የሚመጣው የብራና መጽሐፍ፣ ዜና መዋዕል ወይም የታተመ ድርሰት ነው። በየቤቱ በሣጥን፣ በአገልግልና በዳዊት ማኅደር ውስጥ ተጠቅልሎ የሚኖረው ወረቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥናት ውጭ ሆኖ ቆይቷል። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በቦረና በኩል ወደ አማራ ሳይንት በሚዘልቀው ደጋ ለቃል ግጥምና ለአፈ ታሪክ ጥናት የሚሠማራ ተማሪ እንዲህ ያለ ወረቀት ማየቱ አይቀርም። የግብር ደረሰኝ፣ የሰማንያ ውል፣ የፍቺ ስምምነት፣ ኑዛዜ፣ የሽማግሌዎች የዕርቅ ቃል፣ ከዘመቻ የተላከ ደብዳቤ፣ በመጽሐፍ ገበታ ላይ የተጻፈ የልደት ቀን ይገኛል። እነዚህ ጽሑፎች ለታሪክ ባለሙያ ብቻ የሚተዉ አይደሉም። ለማሳተም ሳይታሰብ የተጻፈ የአማርኛ ስድ ንባብ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያሳዩን እነርሱ ናቸው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ወረቀቶቹ እንዴት እንደሚደራጁ፣ ዘመናቸው እንዴት እንደሚጣራና መጠቁማቸው እንዴት እንደሚወጣ ለማብራራት እሞክራለሁ። ዋናው ክርክሬም የሚከተለው ነው፦ መጠቁሙን በስማችን አጠራር ብቻ ካወጣነው፣ ወረቀቶቹ ራሳቸው የሚመሰክሩለትን የእናት ወገን እንሰውረዋለን።

2. ወረቀቱ ከነቦታው

የመጀመሪያው ሥራ መለየት ሳይሆን መቁጠር ነው። ደረሰኙን ከደረሰኝ፣ ደብዳቤውን ከደብዳቤ ጋር ለመደርደር የሚቸኩል ተማሪ ትልቅ ማስረጃ ያጠፋል። ኑዛዜው ከፍቺ ስምምነቱ ጋር በአንድ ክር ታስሮ ከተገኘ ያሠራቸው ሰው ምክንያት ነበረው። የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1841 ባወጣው መመሪያ ከአንድ ምንጭ የመጡ ሰነዶች ከሌላው ጋር እንዳይደባለቁ ያዘዘው በዚሁ መሠረተ ሐሳብ ነው። የአገራችንም ልማድ ለዚህ እንግዳ አይደለም። አብያተ ክርስቲያናት የመሬት ስጦታን፣ ሽያጭንና የትውልድ ቆጠራን በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ያስጽፉ ነበር፤ ማስታወሻውም ከመጽሐፉ ተለይቶ አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ፍሬ የሆኑት፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጇቸው መዘርዝሮች የመጽሐፉን ይዘት ብቻ ሳይሆን በኅዳግ የሰፈረውንም ማስታወሻ መዝግበዋል። የቤት ወረቀትም ይኸው ክብር ይገባዋል።

ስለሆነም ለእያንዳንዱ ቤት፣ ለእያንዳንዱ ማስቀመጫና ለእያንዳንዱ ወረቀት ተከታታይ ቁጥር ይሰጥ። «3/2/14» ማለት ሦስተኛው ቤት፣ ሁለተኛው ማስቀመጫ፣ ዐሥራ አራተኛው ወረቀት ይሆናል። ቁጥሩ በእርሳስ በጀርባው ጥግ ይጻፍ። ስፒልና የብረት ማያያዣ ስለሚዝግ ይውጣ፤ የተቀደደው በፕላስተር አይለጠፍ፤ በፖስታ ይቀመጥ። ፎቶግራፍ ሲነሣም የፎቶግራፉ ስም ያው ቁጥር ይሁን። ዋናው ወረቀት ግን ከባለቤቱ ቤት አይውጣ።

3. ዘመንን ስለ ማጣራት

ብዙው ወረቀት ዓመተ ምሕረት የለውም፤ ወንጌላዊውንና ወሩን ብቻ ይጠቅሳል። ይህ ግን ጠቃሚ ፍንጭ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለ4 ስናካፍል ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። እንግዲህ አንድ ኑዛዜ «በዘመነ ሉቃስ፣ በኅዳር በሽታ» የሚል ከሆነ ከ1911 ዓ.ም. ጋር ይስማማል፤ 7411 ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራልና። «በዘመነ ማቴዎስ፣ የሰገሌ ጦርነት በሆነ ጊዜ» የሚለውም ከጥቅምት 1909 ዓ.ም. ጋር ይገጥማል። በአንጻሩ ወረቀቱ የማይጨውን ዘመቻ ጠቅሶ «ዘመነ ማርቆስ» ቢል ጥርጣሬ ያስነሣል፤ 1928 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነበርና። እንዲህ ያለው ወረቀት ሐሰት ነው ብሎ ከመጣል በፊት ዘግይቶ ከትውስታ የተጻፈ መሆን አለመሆኑ ይመርመር።

በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈና በሒጅራ የተቆጠረ ዘመን ያጋጥማል። የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ በቀላል ቅነሳ አይመለስም፤ ማመሳከሪያ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። በመጠቁሙ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ በወረቀቱ ላይ ያለው ቃል እንዳለ፣ ከጎኑም አጥኚው የደረሰበት ዓመት በቅንፍ።

4. ስለ ስም

በስም መጠቁም ላይ የሚገጥሙን ችግሮች አራት ናቸው። የመጀመሪያው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሌ»፣ ሌላው «ሀይሌ»፣ ሦስተኛው «ሐይሌ» ይላል። መጠቁሙ አንዱን መርጦ ከሌሎቹ ወደ እርሱ ይምራ፤ የወረቀቱ አጻጻፍ ግን በግልባጩ ውስጥ አይነካ። ሁለተኛው ማዕረግ ነው። ግራዝማች፣ አለቃ፣ መምሬ፣ ሼህ የመሳሰሉት ቅጥያዎች እንጂ የመደርደሪያ ስሞች አይደሉም። ሦስተኛው ጥምር ስም ነው፤ «ወልደ ሚካኤል» አንድ ሰው እንጂ «የሚካኤል ልጅ ወልደ» አይደለም።

አራተኛውና በወሎ ይበልጥ የሚከብደው አንድ ሰው በርካታ ስሞች ያሉት መሆኑ ነው። የመጠሪያ፣ የክርስትናና የፈረስ ስም አለ። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ስለ ፈረስ ስም ያቀረቡት ጥናት ልማዱ ምን ያህል የሰፋ እንደ ነበር ያሳያል። ሃይማኖት ሲለወጥም ስም ይለወጣል። ንጉሥ ሚካኤል ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፤ የፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ነው። ይህን የማያውቅ መጠቁም አውጪ አንዱን ሰው ሦስት ያደርገዋል። በታላላቆቹ ላይ የሆነው በየቤቱም ስለሚያጋጥም ለእያንዳንዱ ስም የየራሱ ካርድ ወጥቶ ሁሉም ወደ አንዱ ይመራ።

5. የእናት ወገን

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እመጣለሁ። ስማችን አባትን ብቻ ይከተላል፤ የርስት ሥርዓት ግን በአባትም በእናትም ይቆጥር ነበር። አለን ሆብን በጎጃም ላይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ ይህን በስፋት ያስረዳል። ርስት ጠያቂ የሚያሸንፈው ወደ ቀደመው አባት የሚያደርሰውን ሰንሰለት በትክክል ሲቆጥር ነበር፤ በሰንሰለቱም ውስጥ ሴቶች አያያዥ ነበሩ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የቆጠራው የፍርድ ቤት ጥቅም ቀረ። የቀረው ጥቅሙ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድናን ለይቶ ጋብቻን መፍቀድ ወይም መከልከል ነው።

ለዚህ የሚመች የቁጥር ዘዴ አለ። ጄሮኒሞ ደ ሶሳ የተባለው ስፔናዊ እ.ኤ.አ. በ1676 ተጠቅሞበታል። ቆጠራው የሚጀመርበት ሰው 1 ይሆናል፤ የማንኛውም ሰው አባት ቁጥሩ እጥፍ፣ እናቱ እጥፍ ሲደመር አንድ ነው። አባት 2፣ እናት 3፣ የአባት እናት 5፣ የእናት አባት 6 ይሆናሉ። ከመነሻው ሰው በቀር ሙሉ ቁጥር ሁሉ ወንድ፣ ጎዶሎ ቁጥር ሁሉ ሴት ነው። በእናቱ አባት እናት በኩል የሚጠይቅ ሰው ሰንሰለቱ 1፣ 3፣ 6፣ 13 ይሆናል። በስም ቢደረደር ግን 3 እና 13 የየአባቶቻቸው ልጆች ሆነው በሌላ ፊደል ሥር ይበተናሉ፤ ከመነሻው ሰው ጋር የሚያገናኛቸው አይገኝም። ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ሲቆጠር 254 ቦታ ይኖራል፤ ግማሹ፣ ማለትም 127ቱ፣ የሴቶች ነው። ባዶ የሆነው ቦታም ቁጥሩን ይዞ ስለሚቆይ ያልተጠየቀውን ያስታውሳል።

በወረቀቶቹ ላይ ሴቲቱ ብዙ ጊዜ «የእገሌ ሚስት» ወይም «የእገሌ እናት» ተብላ ትጠቀሳለች። ስሟ ባይታወቅም በቁጥሯ ካርድ ይውጣላት። ስሟ በኋላ ከኑዛዜ፣ ከሰማንያ ውል፣ በቅርብ ጊዜ ላሉትም በአማራ ክልል የባልና የሚስትን ስም አብሮ ከሚይዘው የመሬት ይዞታ ደብተር ሊገኝ ይችላል።

6. ጥንቃቄ

መጠቁም ፍለጋን ያቀላል፤ ጉዳትንም እንዲሁ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም የትውልድ ቆጠራ ዛሬም ሰውን ለማዋረድ ሊያገለግል ይችላል። ዕዳ፣ ፍቺና የልጅ ክህደትም በወረቀቶቹ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ሁለት መጠቁም ይዘጋጅ፦ ሙሉው ለቤተሰቡ፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ የተቀነሰው ለተመራማሪ። የፈቃዱ ቃልም ራሱ ቁጥር ተሰጥቶት ከወረቀቶቹ ጋር ይቀመጥ።

የትምህርት ክፍሎቻችን ለዚህ ሥራ ትልቅ ገንዘብ አያሻቸውም። እርሳስ፣ ፖስታ፣ ካርድና ትዕግሥት ይበቃል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ግን ጊዜ ሳያልፍ መጠየቅ ነው፤ ወረቀቱን ምስጥና ጭስ ሳይደርሱበት ብናገኘው እንኳ 13 ቁጥር ማን እንደ ነበረች የሚነግሩን አረጋውያን ከእኛ ጋር የሚቆዩበት ዘመን አጭር ነው።